ማሽኖቹ መነጋገር የጀመሩበት ክረምት

በቀደም ለት ቀይዋን ባቡር ተሳፍሬ ወደ መሀል ፔታ ቲክቫ ስሄድ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ልጃገረድ ከቦርሳዋ ብርቱካን አውጥታ መላጥ ጀመረች። ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ሰክታለች፤ ዓይኗ ስልኳ ላይ ነው፤ እጇ ግን በራሱ ጊዜ ልጣጩን ይገፋል። ሽታው መጣና አፍንጫዬ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ባቡሩ ይቁም ይሂድ፣ በሩ ይከፈት ይዘጋ፣ የማውቀው ነገር የለም። የምወርድበትን ፌርማታ አልፌ፣ ሌላም አልፌ፣ ስባንን ልጅቷ ወርዳለች። እኔም ወርጄ በእግሬ ስመለስ፣ እግሬ ሳላዘው ድሮ ፋብሪካችን ወደነበረበት መንገድ ወሰደኝ። አሁን እዚያ ከላይ እስከ ታች መስታወት የሆነ ሕንፃ ቆሟል። ከሥሩ ወጣቶች ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሁለቱ የእኛ፣ የኢትዮጵያ ልጆች ነበሩ፤ አንገታቸው ላይ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አንጠልጥለው በዕብራይስጥ ይሳሳቃሉ። «ሰላም ዋላችሁ» ብላቸው «ሰላም እማማ» አሉኝ ብድግ እያሉ። እናንተ በተቀመጣችሁበት ቦታ ላይ በክረምት ብርቱካን እንደ ኮረብታ ተቆልሎ፣ ጠዋት ጠዋት ጤዛ ሲያበራበት አየው ነበር ብላቸው ምን ይሉኝ ይሆን? አልነገርኳቸውም። ጥግ ይዤ ትንሽ ቆሜ ሄድኩ።

ዓመተ ምሕረቱን አልጠቅስም። ማን ሥልጣን ላይ እንደነበረ፣ ማን እንደወረደ፣ ሌላ ሰው ይንገራችሁ። እኔ ያንን ዘመን የማውቀው በልብሱ ነው። ትከሻው ውስጥ ስፖንጅ ያለበት ጃኬት ሁላችንም እንለብስ ነበር፤ ከኢትዮጵያ እንደመጣን ባረፍንበት መጤ መቀበያ ውስጥ ከአንድ ክምር መርጠን ያወጣነው ስለሆነ መንገድ ላይ ስንተላለፍ እህትማማች እንመስላለን። በአውቶቡስ ቲኬቱም አውቀዋለሁ፤ ካርቲሲያ የሚሉት ካርቶን ነበር፣ በተሳፈርን ቁጥር ሾፌሩ በመብሻ ጠቅ ያደርገዋል። ዓርብ ከሰዓት ሰንበት ሊገባ ሲል የገበያው ነጋዴዎች ድምፃቸው እስኪዘጋ ይጮሃሉ፣ ዋጋው ይወርዳል፤ ጠዋት በኪሎ ሲመዘን የዋለው ቲማቲም በከረጢት ይሄዳል፣ ሻጩም የድንብላል ቅጠል ይመርቅበታል። ቴል አቪቭ አሮጌው የአውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሄደን ያገራችንን ካሴት እንገዛ ነበር። ክሩ እስኪረግብ እናዳምጠዋለን፤ ከመደጋገሙ ብዛት ሴቷ ዘፋኝ ቀስ በቀስ እንደ ወንድ መዝፈን ትጀምራለች፣ እኛም አብረናት ድምፃችንን እናወፍራለን። አደባባዩ አጠገብ ካለው የሕዝብ ስልክ ሰልፍ ይዘን ሥዕል ያለበትን ካርድ እያስገባን ጎንደር እንደውል ነበር። መስመሩ ሲገኝ የምንናገረው ይጠፋናል። «አላችሁ?» እንላለን። «አለን» ይሉናል። ከዚያ ካርዱ ያልቃል።

እኔ ያኔ ሠላሳዎቹን ያጋመስኩ መበለት ነበርኩ። የመጀመሪያ ባሌ የሱዳን መንገድ ላይ ቀረ። እማዬ፣ ልጄና እኔ ሻአሪያ የሚባለው ሰፈር ጫፍ ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በረንዳው ወደ ሎሚ ዛፍ የሚያይ ቤት ነበረን። ስሜ የሻረግ ነው፤ ስንገባ የመዘገበችን ልጅ ግን ምላሷ አልታዘዝ ቢላት ሹላሚት ብላ ጻፈችኝ፣ ፋብሪካው ውስጥም ሹላ ተብዬ ቀረሁ።

ፋብሪካው ጭማቂ ይሠራል። ብርቱካኑ በከባድ መኪና ይመጣል፣ ይታጠባል፣ ይጨመቃል፤ ጭማቂው በቧንቧ ወደ ትልልቅ ታንከሮች ይወጣል። ከዚያ ሞቆ ተጣርቶ ወደ እኔ ይወርዳል። እኔ የቆምኩት ጠርሙስ የሚሞላው ማሽን ላይ ነው፤ ሰማያዊ ካፖርት፣ ነጭ ቦቲ፣ ፀጉሬን በላስቲክ ቆብ ሸፍኜ። ታንከሮቹ ያሉት በአዳራሹ በወዲያኛው ጫፍ ነው። ከጎናቸው የብረት ሰገነት አለ፣ ሰገነቱ ላይ የሚቆም ሰው የጭማቂውን ከፍታ በመስታወት እያየ ቧንቧውን በእጁ ይከፍታል፣ በእጁ ይዘጋል። ዘግይቶ ከከፈተ የእኔ ማሽን አየር ይስብና ጠርሙሱን አረፋ ይሞላዋል። እኔ ሳልነግረው ካቆምኩ ደግሞ ወዲያ ማዶ ጭማቂው ሞልቶ ይፈስና ወለሉ ቦቲ የሚነቅል ሙጫ ይሆናል። ስለዚህ ሁለታችን ቀኑን ሙሉ መነጋገር አለብን። ግን በምን አፍ? ፓምፑ ያገሳል፣ እንፋሎቱ ያፏጫል፣ ጠርሙሱ ይንጋጋል። አጠገብህ ያለ ሰው ቢጮህ አፉ ሲከፈት ታያለህ እንጂ ድምፁን አትሰማም። በእጅ ነበር የምንነጋገረው።

ሰገነቱ ላይ የቆመው ሰው አስማረ ይባላል። የደምቢያ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀጠን ያለ፣ አርባን የተጠጋ፣ ሚስት አግብቶ የማያውቅ። የፈረቃችን አለቃ ማዛል ነበረች፤ ወላጆቿ ከየመን መጥተው እሷ ሻአሪያ የተወለደች፣ ቁመቷ አጭር ቁጣዋ ረጅም ሴት። አስማረን እዚያ ሰገነት ላይ ያወጣችው እሷ ናት። «እዚያ ማንም አያስቸግረውም» አለችኝ አንድ ቀን። ለምን እንዳለችኝ ያወቅሁት አውቶቡስ ስንጠብቅ ነው። ዝናብ ነበር። አጠገቤ መጥቶ ጃንጥላውን ወደ እኔ አዘነበለና አፉን ከፈተ። «ዝ... ዝ...» አለ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ከኋላ የቆመ የፋብሪካችን ሰው «ዝናቡ በረታ ማለቱ ነው!» ብሎ ጨረሰለት። አስማረ አፉን ገጠመ። ፊቱ ላይ ያየሁት ኀፍረት አይደለም፤ እጁ ላይ የያዘውን ነገር የነጠቁት ሰው ፊት ነበር። ማለት የፈለገው ዝናቡ በረታ እንዳልነበረ ወዲያው ገባኝ። ምን እንደነበረ ግን ሳላውቀው ብዙ ጊዜ ቆየሁ።

ሰገነቱ ላይ ሲወጣ ሌላ ሰው ነው። እጁ እንደ ባለቅኔ ምላስ ነበር። ጡጫው ሲነሣ ሞልቷል ማለት ነው። መዳፉ ሲዘረጋ ከፈትኩ ማለት ነው። ሁለት ጣቱን ዓይኑ ሥር ሲያደርግ ጠብቂ፣ ክንዱን በአንገቱ ፊት ሲያሳልፍ አቁሚ። እነዚህ የሥራዎቹ ናቸው። ቀስ በቀስ ሌሎች መጡ። ጠዋት ስገባ ጣቶቹን ግንባሩ ላይ ያሳርፋል፤ እንዴት አደርሽ ነው። ከሰገነቱ አጠገብ ከፍ ብሎ አንድ መስኮት ነበር፣ በአዳራሹ ውስጥ ከሱ ሌላ መስኮት የለም። አስማረ ቀኑን ሙሉ ውጭ ያለውን ያየዋል፣ ይነግረኛልም። ጣቶቹን ወደ ታች ያርገፈግፋል፣ ዝናብ ነው። መዳፉን ገልብጦ ያወዛውዛል፣ ደመና እየሄደ ነው። ሁለት እጁን አጋጥሞ ይከፍታል፣ ፀሐይ ወጣች። ያንን ክረምት ሰማይን ያየሁት በሰው እጅ ላይ ነው። አሁን ስልኬ ላይ የነገውንም የከነገ ወዲያውንም የአየር ሁኔታ ይጽፉልኛል፤ እንደ ያኔው አምኜው አላውቅም።

ሊዮኒድ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ሊዮኒድ ከሩሲያ የገባ መሐንዲስ ነበር፤ እዚያ ትልቅ የኬሚካል ፋብሪካ ያንቀሳቅስ የነበረ፣ እዚህ መጥቶ መጀመሪያ መንገድ የጠረገ፣ ኋላ እንደገና ሙያው ላይ የተመለሰ። ግራጫ ሳጥኖች አስጭኖ መጣ። ባቃር ይሏቸዋል፣ ተቆጣጣሪ ማለት ነው። አንዱን ታንከሩ ጋ፣ አንዱን ማሞቂያው ጋ፣ አንዱን የእኔ ማሽን ጎን ሰቀለ፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ከትንሽ ጣት የማይወፍር ገመድ ዘረጋ። በእረፍት ሰዓት ሻዩን ይዞ እኔ ጋ ይቀመጥና ሁለታችንም ዕብራይስጡን እየሰባበርን እናወራ ነበር።

«ይሄ ገመድ ምን ያደርጋል?» አልኩት።

«ማሽን ከማሽን ያወራበታል። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። በተራ በተራ። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም። ሁለቱ አንዴ ከተናገሩ ማንም አይሰማም።»

«እንደ ሽማግሎች» አልኩት። ሸንጎ ማለት ፈልጌ ቃሉ ስለጠፋኝ «ሽማግሎች፣ ዛፍ ሥር» አልኩ።

ሻዩን እስኪደፋ ሳቀ። «ልክ ነው! ዛፍ ሥር!» ከዚያ ወዲያ ያንን ገመድ ዛፍ እያለ ነበር የሚጠራው።

ማሽኖቹ ምን ምን መባባል እንዳለባቸው ለማወቅ በመጀመሪያ የእናንተን ልማር አለ። ግማሽ ቀን አዳራሹ መሀል ቆሞ ዓይኑን ከእኔ ወደ አስማረ፣ ከአስማረ ወደ እኔ ሲያመላልስ ዋለ። ከዚያ በእረፍት ሰዓት መጥቶ ጡጫውን አነሣ። «ይሄ?» ሞልቷል አልኩት። መዳፉን ዘረጋ። ከፈትኩ አልኩት። ጣቶቹን ግንባሩ ላይ አደረገ። «ይሄስ?» ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። እንዴት አደርሽ ነው አልኩት። ጣቶቹን አርገፈገፈ። «ዝናብ» አልኩት። «ማሽኑ ዝናብ ምን ያደርግለታል?» አለና እንዳልሰማ አለፈልኝ። በመጨረሻ እጁን ትንሽ ከፍ አድርጎ መለሰ። «ይሄንን ሁለታችሁም በየጊዜው ታደርጉታላችሁ፣ ምንም ሳይሆን። ምንድን ነው?»

«ምንም አይደለም» አልኩት። «አለህ? አለሁ። ነው።»

ሊዮኒድ አልሳቀም። ብርጭቆውን አስቀመጠ። «የእኔ ሳጥኖችም ይሄንን ያደርጋሉ» አለኝ። «የሚነገር ነገር ባይኖር እንኳ በየአፍታው አለህ? አለሁ ይባባላሉ። መልስ ከጠፋ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው፤ ሁሉም ይቆማል።» ከዚያ ወደ ሰገነቱ ቀና ብሎ አየ። ሚስቱ ገና ሩሲያ እንደነበረች የሰማሁት ኋላ ነው።

ሥራ ማስጀመሪያው ቀን ሥራ አስኪያጁ ክራባት አስሮ መጣ፣ ኬክ ቀረበ። አስማረን ከሰገነቱ አውርደው ከእኛ ጋር አቆሙት። ሊዮኒድ ቁልፍ ተጫነ። ቧንቧው ማንም ሳይነካው ትስስ ብሎ ተከፈተ፣ የእኔ ማሽን መሙላት ጀመረ፣ ሁሉም አጨበጨበ። ኬኩ ሳይቆረስ ትልቁ ፓምፕ ተነሣ። ፓምፑ እንደተነሣ ሳጥኖቹ ተደናቆሩ። ታንከሩ ሞላሁ ሲል ማሞቂያው ባዶ ነኝ ብሎ ሰማው፤ ቧንቧው ሊዘጋ ሲገባው ጨርሶ ተከፈተ፤ ጭማቂው ከላይ ወርዶ የሥራ አስኪያጁን ጫማ አለበሰው። ማዛል «ዋይ ዋይ ዋይ!» እያለች ዋናውን ማጥፊያ መታችው። በዝምታው ውስጥ የጭማቂው መንጠባጠብ ብቻ ይሰማል። «አስማረ፣ ያላ፣ ቶሎ ውጣ!» አለች ማዛል። አስማረ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ወጣ። ላይ ሲደርስ ጣቶቹን ግንባሩ ላይ አደረገ። ጠዋት ሰላምታ ተለዋውጠን ነበር፤ እሱ ግን ደገመልኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት እንደ ሕልም ናቸው። ስንት እንደነበሩ አላውቅም፤ ዝናቡ አልቆመም። ሊዮኒድ ጠዋት ይሞክራል፣ ፓምፑ ሲነሣ ሳጥኖቹ ይደናቆራሉ፣ እኛ ወደ እጃችን እንመለሳለን። ሊዮኒድ ጢሙን ሳይላጭ ይመጣል፣ ለራሱ በሩሲያኛ ያወራል። እኔ አዝንለት ነበር፤ ደግሞም ዛሬም ባያገኘው እያልኩ ለራሴ እሳቅ ነበር። ሊቀር መሆኑን ስላወቅን ይሆናል፣ እጃችን ረዘም ያለ ነገር መናገር ጀመረ። አስማረ ከመስኮቱ ያየውን ሁሉ ይነግረኛል፤ ርግቦች፣ ልብስ የምታሰጣ ሴት፣ ልብሷን ንፋስ ወሰደባት፣ ሮጠች፣ ያዘችው። እኔ ከታች እየሳቅሁ ጠርሙስ እሞላለሁ። ማዛል አየችን። ልትቆጣ ስትመጣ አይቼ ደነገጥኩ። አጠገቤ ደርሳ ወደ ሰገነቱ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ «በሰደር፣ በሰደር፣ ምንም አይደል» ብላ ትከሻዬን ቸብ አድርጋ ሄደች።

ሊዮኒድ ያገኘው መሰላል ላይ ሆኖ ነው። ትንሹ ገመድ ከትልቁ ፓምፕ የመብራት ገመድ ጋር በአንድ መስመር ጎን ለጎን ተኝቶ ነበር። «ትልቁ ሲጮህ ትንሹ የሚያንሾካሹከው ይጠፋል» አለኝ ከመሰላሉ ሳይወርድ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ ከደስታም ከድካምም። ገመዱን አውልቆ ለብቻው በጣሪያው በኩል አሳለፈው፣ ሽፋኑንም በሽቦ ከመሬት ጋር አገናኘው። ፓምፑ ተነሣ፣ አገሳ፤ ሳጥኖቹ ምንም አልሆኑም። ትስስ፣ ቧንቧው ተከፈተ። ትስስ፣ ተዘጋ። እንደ ሰው ትንፋሽ። በዚህኛው ቀን ኬክ አልነበረም።

አስማረ ወደ ሮሽ ሃዓይን፣ ወደ ኩባንያው መጋዘን እንደሚዛወር በእረፍት ሰዓት የነገረችኝ ማዛል ናት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እዚያ ሥራው በሬዲዮ ነው፣ ሹላ» አለችኝ። «ሁሉም ወገባቸው ላይ መገናኛ ሬዲዮ ይዘው ቀኑን ሙሉ ያወራሉ። እሱ እዚያ ምን ይሆናል? ለሥራ አስኪያጁ ነግሬዋለሁ። ወይ እዚያ ወይ ቤቱ አለኝ።» የያዝኩትን ዳቦ አስቀመጥኩ። ተነሣሁና ከታች የምንሠራ ሴቶች ወጥተንበት የማናውቀውን የብረት ደረጃ ወጣሁ። አስማረ መስኮቱ ጋ ቆሟል። የሚያወራልኝን ሰማይ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፤ እንደ ፎጣ የጠበበ ነበር። አንድ የባሕር ዛፍ ጫፍ፣ አንድ የልብስ ገመድ። ከዚያች ነበር ያን ሁሉ የሚያወጣልኝ።

ፓምፑ ለእረፍት ጠፍቶ ስለነበር አዳራሹ ጸጥ ብሏል። አስማረ ወደ እኔ ዞረ። እጁን አላነሣም። «የ...» አለ። «የሻ... የሻ...» ሹላ አላለኝም። እኔም አልረዳሁትም፣ ዓይኔን ከፊቱ ሳላነሣ ቆምኩ። አንገቱ ላይ ሥሩ ተገተረ። ከታች አንድ ሰው «አስማረ! መኪናው እየጠበቀህ ነው፣ ያላ!» ብሎ ጮኸ። አፉን ገጠመ። ቦርሳውን አነሣ፣ ወረደ። እኔ ያችን የስሜን ግማሽ ይዤ ወደ ማሽኔ ተመለስኩ።

ፀደይ ገባ። ማሽኔ ጎን ያለው ሳጥን ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች። አለህ? አለሁ። አለህ? አለሁ። ሥራው ቀለለ፣ እኔ ግን ቶሎ መድከም ጀመርኩ። ውጭ ዝናብ ይሁን ፀሐይ የማውቀው ከፈረቃ ስወጣ ነው። እማዬ «ምን ነካሽ?» ትለኛለች፣ ምንም እላታለሁ።

አንድ ቅዳሜ ምሽት፣ ሰንበት ወጥቶ ራት ሳናቀርብ፣ ገና በቅርቡ ያስገባነው የቤታችን ስልክ ጮኸ። አነሣሁት። ማንም አይናገርም። ትንፋሽ ይሰማኛል፣ ከትንፋሹ ኋላ የመኪና መንገድ። የሕዝብ ስልክ ነው። አወቅሁት።

«አለሁ» አልኩ።

ካርዱ ሲቆጥር ይሰማኛል። «አ... አለሁ» አለ።

«ማን ነው?» አለችኝ እማዬ ከውስጥ። «ከሥራ ነው» አልኳት። ውሸትም አልነበረም።

በማግሥቱ ከሥራ መልስ ተቀጣጥረን አደባባዩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን የሬዲዮውን ነገር አጫወተኝ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። አውቶቡሶች መጡ፣ ሄዱ። እኔ አሳጥሬ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሬዲዮው ሲጠራው ላቡ ይወርድ ነበር። በኋላ አንድ ነገር አስተዋለ። በሬዲዮው ሊናገር ቁልፉን ተጭኖ ሲይዝ፣ ሌላው ሰው መናገር አይችልም። ቢናደድም ቢቸኩልም መስመሩ የእሱ ነው። ተጭኖ ይይዛል፣ «ሦ... ሦስተኛው... ሦስተኛው መደርደሪያ ባዶ ነው» እስኪል ድረስ አይለቅም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉን ማንም የማይነጥቅበት ቦታ አገኘ። የመጋዘኑ ሰዎች አንድ ሳምንት ተሳደቡ፤ በሁለተኛው ለመዱት። ስለለመዱትም ቃሉ መፍታታት ጀመረ። «ያን ቀን» አለኝ፣ «ዝ... ዝናቡ ጊዜ። ዝ... ዝም ብለሽ አብረሽኝ ቁሚ... ልልሽ ነበር።» ይኸው ነው ጃንጥላ ይዞ ሊለኝ የነበረው። ከዚያ ሽማግሌ ልላክ አለኝ። ላክ አልኩት።

አባታችን ስለሌለ የቤታችን ራስ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ታደሰ ነበሩ። ጋሼ ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ትዕግሥት አልፈጠረባቸውም። አንተ ቃል ስትጀምር እሳቸው ጨርሰው መልሱንም ይሰጡሃል። ቀጠሮው ሲቆረጥ ቤታቸው ሄጄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ።»

«ጥሎሹን ነው? እሱን ለእኔ ተዪው።»

«አይደለም። ሰውየው ሲናገር ቃሉ ይያዝበታል። ቃሉን አይጨርሱለት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ጋሼ አንድ ነገር ሊሉ ከጀሉና ተዉት። እሺም እንቢም አላሉኝ።

ሽማግሎቹ እሑድ ከሰዓት መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው ሳሎናችን ውስጥ ተደረደሩ። ዘር ቆጠሩ፤ እስከ ሰባት ቤት ወጡ፣ የእኛ ወገራ የእነሱ ደምቢያ፣ የትም አልተገናኘም። ንግግራቸው አማረ፣ ምርቃቱ ወረደ። እኔ ኩሽና በር ላይ፣ እማዬ ከኋላዬ። ነገሩ ያለቀ ሲመስል ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሽማግሎቹ አሳምራችሁ ተናገራችሁ፣ እግዜር ያክብራችሁ። እህቴ ግን አንዴ መበለት ሆናለች። ያንን መንገድ አብሬያት ሄጃለሁ። ለሁለተኛ ጊዜ ስሰጣት ሰውየውን ከራሱ አፍ ሳልሰማ አልሰጥም። አስማረ፣ ተነሥና ንገረኝ።»

የኩሽናውን በር ያዝኩ። አስማረ ተነሣ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ የአንገቱ ቁልፍ አንቆታል። እዚህ የሚጫነው ቁልፍ የለም፣ የሚይዘው መስመር የለም።

«እ... እኔ...» አለ። ቆመ። «እኔ... ቶ... ቶ...»

አንደኛው ሽማግሌ፣ አሳዝኗቸው ነው፣ «ቶሎ እንዲያልቅልኝ ነው የሚለው...» ብለው ጀመሩ። ጋሼ ዓይናቸውን ከአስማረ ሳያነሡ መዳፋቸውን ወደ ሽማግሌው ዘረጉ። ሽማግሌው ዝም አሉ። ጋሼ እጃቸውን አላወረዱም። ከግንባራቸው ላብ ሲወርድ አያለሁ፤ ወንድሜን አውቃቸዋለሁ፣ እሳት ላይ የቆሙ ያህል ነበር። ጥርሳቸውን ነክሰው ጠበቁ። ከታች መንገድ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ኳሱ ግድግዳ መታ፣ ተንከባለለ፣ ልጆቹ ተጣሉ፣ ታረቁ።

«ቶ... ቶሎ መናገር አልችልም» አለ አስማረ። «እሷን ግን... ከ... ከሩቅ ስሰማት ከርሜአለሁ። ከቅ... ከቅርብም እሰማታለሁ።»

ጋሼ እጃቸውን አወረዱ። «ጨረስክ?»

«ጨረስኩ» አለ፤ ይቺኛዋ ሳትደናቀፍ ወጣች።

«እንግዲያው ና፣ ከጎኔ ተቀመጥ» አሉ ጋሼ፣ ሶፋው ላይ ጠጋ እያሉ። እማዬ ከኋላዬ እልል አለች።

በበጋው መግቢያ፣ ከሻቩዖት በዓል በኋላ ተጋባን። አስማረ እስከ ጡረታው መጋዘኑ ውስጥ ሠራ፤ አንደበቱ ከያኔው ተፍታቷል፣ ግን አሁንም ድንገት የሚይዘው ጊዜ አለ። ጋሼ ታደሰ ከዚያ በኋላም የእኔን፣ የእማዬን፣ የራሳቸውን ልጆች፣ የቄሱን ሳይቀር ቃል እየነጠቁ ሲጨርሱ ኖሩ፤ ጠባያቸው አልተለወጠም። የአስማረን ግን አልነኩም። ሠርግ ላይም ልቅሶ ላይም፣ አስማረ ተይዞ ሳለ አንድ የቸኮለ ሰው አፉን ከከፈተ፣ ጋሼ ካሉበት ሆነው ያቺን መዳፋቸውን ያነሣሉ።

«ተወው» ይላሉ፣ «ገና አልጨረሰም።»